ምስክሩ ምን አይቶ መሰከረ?

ሠራተኛ የሚቀጥሩ ሰዎች በተሰባሰቡበት ሁሉ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። «የምስክር ወረቀት ያለውን ልቅጠር ወይስ እጁ የተፈታውን?» የሚል ነው። ጥያቄው እንደተነሳ ቤቱ በሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ሳይማር የሠራ ሰው አንድ ቀን ያቃጥለናል» ይላል። ሌላው ግማሽ «ወረቀት ሞተር አያስነሳም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የደረሰባቸውን ነው የሚናገሩት፤ ምሬታቸውን አውቀዋለሁ። ክርክሩ ግን ከመነሻው የተሳተ ይመስለኛል። በአገራችን የቅጥር አሠራር ወረቀትና ልምድ ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም። የሚወዳደሩት ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ አንዱ «ሠልጥኗል» ይላል፣ ሌላው «ሠርቷል» ይላል። ሰውየው ሲሠራ ያየ ከቅጥር ኮሚቴው መካከል አንድም የለም። ፍርድ ቤት የቀረበ ምስክር መጀመሪያ የሚጠየቀው «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ተብሎ ነው። ቀጣሪም ከፊቱ ለተቀመጠው ወረቀት ሁሉ ማቅረብ ያለበት ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ምን አይተህ መሰከርክ?

ልምድ የምንለውም ወረቀት ነው

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ከለጠፈ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆም ብላችሁ አንብቡ። «በኤሌክትሪሲቲ ደረጃ 4፣ ሲኦሲ ያለፈ/ች፣ 4 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» ይላል። ከታች ደግሞ ማሳሰቢያ ይከተላል፤ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት። አራቱ ዓመታት የሚረጋገጡት በአንድ ደብዳቤ ነው። ያ ደብዳቤ ምን እንደሚይዝ ሕጉ ራሱ ይነግረናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ማስረጃ እንዲሰጥ ግዴታ ሲጥልበት፣ በማስረጃው ላይ እንዲሰፍር የሚያዘው ሠራተኛው ይሠራ የነበረውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። ሕጉ ለዚህ ዓላማው ትክክል ነው፤ ቂም የያዘ አለቃ በደብዳቤ ሰው እንዳያሳድድ ይከላከላል። ነገር ግን ስለ ሰውየው እጅ ምንም እንዲናገር ያልተጠየቀን ወረቀት እኛ የእጁ ምስክር አድርገን ስናነበው ስሕተቱ የእኛ ይሆናል።

ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንደኛው በአንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ 6 ዓመት «የጥገና ሠራተኛ» ተብሏል። እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ ከውጭ ባለሙያ ይጠራል፤ የእሱ ድርሻ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሳትና አምፖል መቀየር ነበር። ሁለተኛው መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የተቃጠለ ሞተር እየፈታ፣ የውስጡን ሽቦ እንደገና ሲጠመጥም ያደገ ነው። በሳምንት የሚያገላብጠውን የሞተር ዓይነት የመጀመሪያው በ6 ዓመት አላየም። ሆኖም ስሙ በደመወዝ መክፈያ ላይ ስላልሰፈረና የሥራ ግብር ስላልተከፈለለት በማስታወቂያው ስሌት ልምዱ ዜሮ ነው። እንግዲህ «እኔ ልምድን አስቀድማለሁ» የሚል ቀጣሪ ከሁለቱ ማንን እንደሚጠራ አስተውሉ። ጄኔሬተር አስነሺውን ይጠራል። ልምድን ያከበረ ይመስለዋል፤ ያከበረው ግን ማኅተሙን ነው።

የትምህርት ማስረጃውም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች በተሰጠው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተፈታኞቹ የሚጠበቅባቸውን ዓመታት ተምረው የጨረሱ ነበሩ፤ ያለፉት ግን ከግማሽ በታች ሆኑ። ይህ ማለት በቀደሙት ዓመታት ማንም ሳይጠይቅ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የገባው ዲግሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት አልነበረውም ማለት ነው። ፈተናው መጀመሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን እሱም ቢሆን በኮምፒውተር ላይ የሚመረጥ መልስ ነው፤ ተፈታኙ ብሎን ሲያጠብቅ ወይም የተበላሸ ሰርቨር ሲያስነሳ አያይም። ዕውቀትን ይመዝናል፣ እጅን አይመዝንም። ለመሐንዲስ ዕውቀት ግማሽ መንገድ ነው፤ ለጥገና ባለሙያ ደግሞ ከግማሽም ያነሰ ነው።

ማስመስከር ድሮ ምን ነበር

«ምስክር ወረቀት» የሚለው ስም ራሱ ያየ ሰው እንዲኖር ይጠይቃል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህ በጥብቅ የሚጠበቅ ነገር ነው። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መምህር እግር ሥር ለዓመታት የተማረ ሰው ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ይወርዳል፤ በዚያ ባለው መምህር ፊት ያዜማል፣ ይታረማል፣ ይደግማል። «አስመሰከረ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። የቅኔ ተማሪም ትናንት የሰማውን በቃሉ መያዙ አይበቃውም፤ በየዕለቱ አዲስ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። በዚህ ሥርዓት ትምህርትና ልምድ ተለያይተው አልቆሙም፤ የት ተማርክ፣ ስንት ዓመት ቆየህ የሚለው ጥያቄ የሚዘጋው አሁን፣ እዚህ፣ በፊቴ አሳየኝ በሚለው ነው።

የእጅ ሥራ ግን በዚህ ክብር አልታየም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ ማኅበረሰብ ስለነበርን ዳግማዊ ምኒልክ ስድቡን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። ያ ንቀት መልኩን ለውጦ ዛሬም አብሮን ያለ ይመስለኛል። ጋራዥ ውስጥ ያደገን ሰው መኪናችንን አምነን እንሰጠዋለን፤ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ወንበር ለመስጠት ሲሆን ግን ወረቀት እንጠይቀዋለን።

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተቀረጸ ሥርዓት እንዳለን ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ አንድ ትልቅ ሐሳብ ይዞ ነበር፤ ሙያው የተገኘበት መንገድ ሳይሆን ሙያው ራሱ ይመዘን የሚል። ኮሌጅ የገባም፣ ከአባቱ የተማረም፣ ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት ጀምሮ ዋና የሆነም በአንድ የሙያ ደረጃ መስፈርት ፊት እኩል ቀርቦ ይመዘናል። ምዘናው የጽሑፍ ብቻ አይደለም፣ የተግባርም አለው፤ መዛኞቹም ከኢንዱስትሪው እንዲመጡ ታስቧል። ሲኦሲ ብለን የምንጠራው ይህንን ነው። በሐሳቡ የመርካቶው ጠምጣሚ መግቢያ በር ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው ሲኦሲን የኮሌጅ ተመራቂ የመጨረሻ ፈተና አድርጎ ነው የሚያውቀው፤ ባለ ጋራዡም «የተማሪ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቀጣሪው በበኩሉ ወረቀቱን ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ያስገባል እንጂ የተግባር ምዘናው በምን ሥራ ላይ እንደተደረገ ጠይቆ አያውቅም። በሩ ተሠርቷል፤ በዚያ የሚገቡት ግን ሲጀመርም ሌላ በር የነበራቸው ናቸው።

ወረቀት ነፍስ የሚያድንበት ቦታ

ይህን ያልኩት ወረቀት ይቅር ለማለት አይደለም። የምስክር ወረቀት ተከራካሪዎች ሦስት ጠንካራ ነጥቦች አሏቸው። የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ነው። አውሮፕላን የሚጠግን ባለሙያ ፈቃድ ሳይኖረው «እጁ የተፈታ ነው» ተብሎ ሞተር እንዲነካ ማንም አይፈቅድም። ነገር ግን የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለዚህ ፈቃድ ያወጣውን መስፈርት ልብ ብላችሁ አንብቡት። በጽሑፍ መፈተን ብቻውን አይበቃም፤ አመልካቹ አውሮፕላን በመመርመርና በመጠገን 4 ዓመት የሠራ፣ ወይም እውቅና ባለው ተቋም ሠልጥኖ 2 ዓመት የሠራ መሆን አለበት፤ ክህሎቱንም በተግባር ያሳያል። ፈቃዱን ካገኘ በኋላም አያርፍም፤ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ 6 ወር በሙያው ካልሠራ በፈቃዱ መጠቀም አይችልም። ሰው አብዝቶ የሚያምነው ወረቀት ልምድን በውስጡ የያዘ፣ ልምዱ ሲቋረጥም አብሮ የሚደርቅ ወረቀት ነው። አየር መንገዳችን የሚበረው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ ወረቀትና እጅ የግድ ጠላት አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳየን የለም።

ሁለተኛው ነጥብ ከኮምፒውተር ሙያ የሚመጣ ነው። የኔትወርክ ባለሙያ ስንቀጥር ሰዉ ከሌላ አገር መጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት አንድ የጋራ ቋንቋ ይሰጠናል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ሰርተፊኬት ሁሉ አንድ አይደለም። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠው ሲሲኤንኤ በ3 ዓመት ጊዜው ያልፋል፤ ዕውቀት እንደሚያረጅ ያውቃል ማለት ነው። ከከፍተኛ ደረጃዎቹ አንዱ የሆነው ሲሲአይኢ ደግሞ 8 ሰዓት የሚፈጅ የተግባር ፈተና አለው። የሬድ ሃት ፈተናም ተፈታኙን እውነተኛ ማሽን ፊት አስቀምጦ ሥራ ጀምር ይለዋል። በሌላ በኩል ምርጫ ብቻ የሆኑ ፈተናዎች አሉ፤ ለእነሱ ደግሞ ልጆቹ «ዳምፕ» የሚሉት፣ የተሰረቁ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የተጠራቀሙበት ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሁለቱም በወረቀት ላይ ሲታዩ አርማና ማኅተም ያላቸው ናቸው። አንደኛው ያየ ምስክር ነው፤ ሌላው የሰማ።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይከብደኛል። «ወረቀቱን ካቀለልከው ዘመድ አዝማድ ይገባበታል» ይላሉ። ነጥብ፣ ማኅተም፣ ዓመት የሚቆጠረው ኮሚቴው የወንድሙን ልጅ እንዳይቀጥር ነው። አባቱ ማንንም የማያውቅ ልጅ ያለ ወረቀቱ ምን መከላከያ አለው? ይህ ክርክር እውነት ስላለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሴን ከታች አመጣዋለሁ።

እጅም ይሳሳታል

የልምድ ወገኖች «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን የአገር አባባል ይጠቅሳሉ። እኔም በአንድ ወቅት በዚሁ ወገን ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ሲቀጥር ከሦስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ እኔ ነበርኩ። ማጣሪያው አልቆ ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀሩ። አንዷ ደረጃ 4 ሲኦሲዋን ያለፈች፣ የቅጥር ሥራ ልምድ የሌላት ወጣት ነበረች። ሌላው በፋብሪካዎች 11 ዓመት የሠራ፣ ማስረጃዎቹ ሁሉ የተሟሉለት ሰው። ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀት አገላበጥን፣ ነጥብ ደመርን፣ ሁለቱንም ለየብቻ አስር አስር ደቂቃ በቃል ጠየቅን። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለባለ 11 ዓመቱ ነው፤ እሱ ተቀጠረ።

በሦስተኛው ወር የውኃ ፓምፑ ሞተር እየደጋገመ ይቆም ጀመር። ኦቨርሎዱ ነበር የሚያቆመው፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ ሲስብ ኃይል የሚቆርጠው ትንሹ መከላከያ። ሰውየው የኦቨርሎዱን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አዞረው። ፓምፑ ሠራ። የምርት ክፍሉ ደስ አለው፤ «እጁ የተፈታ ሰው አገኘን» ተባለ፤ እኔም ምርጫዬ የሠመረ መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ ሞተሩ ጨሰ። ሲፈታ አንዱ ኩሽኔታ ተበልቶ ነበር፤ ሞተሩ ከፍ ያለ ኮረንቲ የሚስበው ያ ኩሽኔታ እየያዘው ስለነበር ነው። ኦቨርሎዱ እውነቱን ሲመሰክር ከርሟል፤ አፉን ዘጋንበት። የሞተሩ ሽቦ እንደገና እስኪጠመጠም ያ የምርት መስመር ቆመ።

ይህን ሰው ሰነፍ ነው አልልም። ባለፈባቸው ቦታዎች ሁሉ የምርት ኃላፊ ከራስጌው ቆሞ «ቶሎ አስነሳው» ሲለው የኖረ ነው፤ 11 ዓመት የተማረውም ቶሎ ማስነሳትን ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ማሰርን፣ ብሬከር ሲወርድ መልሶ መምታትን፣ ኃይል ሳይቆርጡ መሥራትን ልምድ ራሱ ያስተምራል። ልምድ የሚያስተምረው የሠራንበት ቤት የለመደውን ነው። ቤቱ ብልሽትን መንስኤውን ፈልጎ የሚያክም ከሆነ ሐኪም ያወጣል፤ ብልሽትን የሚሸፍን ከሆነ ሸፋኝ ያወጣል። የሁለቱም ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ግን «11 ዓመት አገልግሏል» ነው።

የሚታይ ነገር እንይ

በዚህ ጉዳይ ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ቁጥር ሰብስበዋል። ሽሚትና ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን አጠቃልለው ባወጡት ጽሑፍ የቅጥር መለኪያዎች የሠራተኛውን የኋላ ውጤት ምን ያህል አስቀድመው እንደሚናገሩ አነጻጽረዋል። 0 ምንም አለመናገር፣ 1 ፍጹም መናገር ነው። የሥራ ናሙና ፈተና፣ ማለትም ተወዳዳሪውን ከሥራው ቁራጭ ሰጥቶ ማሠራት፣ 0.54 አገኘ። የሥራ ልምድ ዓመት 0.18፣ የትምህርት ዓመት 0.10 ሆኑ። ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሌቱን እንደገና ሲያጠብቁት የብዙዎቹ ቁጥር ወረደ፤ የሥራ ናሙናው 0.33 ሆነ፣ የሙያ ዕውቀት ፈተና 0.40፣ አስቀድሞ በተዘጋጁ ወጥ ጥያቄዎች የሚደረግ ቃለ መጠይቅ 0.42። የልምድ ዓመት ግን ከ0.1 በታች ወደቀ። ቁጥሮቹ ለሁለቱም ወገን የሚነግሩት አላቸው። ዓመት መቁጠር ከንቱ ሊባል ጥቂት ነው የሚቀረው። ዕውቀትን በእውነት የሚፈትን ፈተና ይጠቅማል፤ ስለዚህ «ወረቀት አይረባም» ማለትም ስሕተት ነው። የሚያስተማምነው ሰውየው የት እንደነበረ የሚያወራው መረጃ ሳይሆን አሁን የሚያውቀውንና የሚሠራውን ፊት ለፊት የሚያሳየው ነው። የቤተልሔም መምህራን ይህን ለማወቅ ቁጥር አላስፈለጋቸውም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ስሕተቱ ሰው በሚገድልበት ሥራ፣ እንደ አውሮፕላን፣ አሳንሰር፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወይም የሆስፒታል መሣሪያ ባሉ ሙያዎች ላይ፣ ፈቃድ የማይታለፍ በር ይሁን። በጀማሪ የሥራ መደብ ላይ የብቃት ምስክር ወረቀቱ ለፈተና ለመጠራት ይብቃ፤ ሥራ ያልጀመረን ሰው የሥራ ዓመት አንጠይቀው፤ በተለይ ጋራዥና ወርክሾፕ ገብተው ልምድ የማካበት ዕድላቸው ጠባብ የሆነ ሴቶችን በዓመት ቁጥር ደጅ አናስቀር። በከፍተኛ መደብ ላይ ልምድ ይጠየቅ፤ ግን በዓመት አይቆጠር፣ ይተረክ። «ያስቸገረህን አንድ ብልሽት ንገረኝ፤ መጀመሪያ ምን ጠረጠርክ? ምን ለካህ? የት ተሳሳትክ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሠራና ሲሠራ ቆሞ ያየ መሆኑ ወዲያው ይለያል። በሁሉም ደረጃ ግን የመጨረሻውን ቃል የሥራ ፈተናው ይናገር።

ለጥገና ኤሌክትሪሺያን ይህ ከባድ ዝግጅት አይደለም። አንድ ሰሌዳ ላይ አንድ አነስተኛ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ ኮንታክተር፣ ኦቨርሎድና ታይመር ይገጠማል፤ አንዱ ፌዝ ሆን ተብሎ ይቋረጣል። ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ተወዳዳሪው ቴስተር ይሰጠውና አንድ ሰዓት ይፈቀድለታል። መዛኙ ብልሽቱ መገኘቱን ብቻ አይመለከትም። ከመንካቱ በፊት ኃይሉን ቆረጠ ወይ? ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን ኃይል ባለበት ቦታ አረጋገጠ ወይ? በሞተሩ ላይ የተጻፈውን አነበበ ወይ? መከላከያውን አለፈው ወይስ ያለውን ሰማው? የእኔን ባለ 11 ዓመት ሰው ይህ አንድ ሰዓት ይገልጠው ነበር። ወጣቷንም፣ ጥሩም ሆነች ደካማ፣ ይገልጣት ነበር።

አሁን ወደ ዘመድ አዝማዱ ልመለስ። የሥራ ፈተና ለአድልዎ በር የሚከፍተው በዘፈቀደ ሲሰጥ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ብልሽት ይሰጥ፤ ነጥብ የሚሰጥባቸው ነገሮች ከፈተናው በፊት ተጽፈው ይፈረምባቸው፤ ከመዛኞቹ አንዱ ከሌላ ድርጅት ይምጣ፤ ተፈታኙም የተሰጠውን ነጥብ ከነምክንያቱ የማየት መብት ይኑረው። እንዲህ ከሆነ ማንንም የማያውቀው ልጅ ዛሬ ካለው የበለጠ መከላከያ ያገኛል። ወረቀት በገንዘብ ሊሠራ ይችላል፤ የልምድ ደብዳቤ በዘመድ ይጻፋል። ሰው እያየው ቴስተር ይዞ የቆመን ሰው ግን ዘመዱ ሊሠራለት አይችልም። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ፈተና ብሎ ጠርቶ የራስን እውነተኛ ብልሽት በነፃ ማስጠገን ነውር ነው፤ ለፈተና የተጠራ ሰውም የትራንስፖርቱን፣ ቀኑ ከረዘመም የድካሙን ዋጋ ማግኘት አለበት። ትንንሽ ድርጅቶች አቅም የለንም ካሉ በአካባቢያቸው ካለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጋር ይነጋገሩ፤ ሰሌዳውም፣ ሞተሩም፣ አስተማሪውም እዚያ አሉ። መርካቶ ያለው ጠምጣሚም የሚገባበት በር በዚህ ይከፈታል።

ያቺን ወጣት ብንቀጥራት ኖሮ ሞተሩ ይድን ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ኩሽኔታውን ታገኘው ይሆናል፤ እሷም ኦቨርሎዱን ታዞረው ይሆናል። መልሱን የማላውቀው እሷ ስለደበቀችኝ አይደለም። ቴስተር አልሰጠናትም። እሱንም አልሰጠነውም። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ግን «ከሁለቱ በብቃቱ የተሻለው ተመርጧል» ይላል፤ ከሥሩ የእኔም ፊርማ አለ። ያላየሁትን መስክሬያለሁ።